‹‹የዘረመል ለውጥ ተገኝቶብዎታል›› ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድ ሰው የታዘዘለትን የሕመም ማስታገሻ በተነገረው መጠን ወስዶ ሕመሙ ይታገስለታል። ሌላው ያንኑ መድኃኒት በዚያው መጠን ወስዶ ከባድ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ትንፋሹም ይደክማል። ሦስተኛው ደግሞ ወስዶት ምንም ለውጥ አያይም። መድኃኒቱም መጠኑም አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ሦስት ዓይነት ይሆናል። ለዚህ ልዩነት ምክንያት ከሚሆኑት አንዱ ከእናትና ከአባታችን የምንወርሰው ዘረመል ነው።

የሰውን ልጅ ዘረመል ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ የተነሳው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1990 ተጀምሮ በ2003 ነበር የተጠናቀቀው። 13 ዓመታት ፈጅቷል፤ ወደ ሦስት ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብም ወጥቶበታል። ዛሬ የአንድን ሰው ዘረመል በቀናት ውስጥ ማንበብ ይቻላል፤ ዋጋውም ከቀድሞው ጋር አይወዳደርም። በመሆኑም ለካንሰር፣ ለልብ ሕመም ወይም በዘር ለሚተላለፍ ሌላ በሽታ የዘረመል ምርመራ የሚያደርጉ ሰዎች ቁጥር በዓለም ዙሪያ እየጨመረ መጥቷል። በአገራችን አገልግሎቱ ገና በስፋት የሚገኝ ባይሆንም፣ በውጭ አገር የሚኖሩና ለሕክምና ወደ ውጭ የሚሄዱ ወገኖቻችን ‹‹ለውጥ ተገኝቷል›› የሚል የውጤት ወረቀት ሊደርሳቸው ይችላል።

ይህ ዓረፍተ ነገር ብዙዎችን ያስደነግጣል። ይሁን እንጂ ለውጥ መገኘቱና ለውጡ ጉዳት ማምጣቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በዛሬው የጤና አምዳችን ባለሙያዎች የአንድን የዘረመል ለውጥ ውጤት እንዴት እንደሚገምቱ፣ ግምቱ ሲሳሳት ምን እንደሚያስከትል፣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ጉዳዩ ለምን ይበልጥ እንደሚያሳስብና አንባቢ ሊወስዳቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎችን እንመለከታለን።

ዘረመል እንደ ጽሑፍ

በሕዋሳችን ውስጥ ያለው ዲኤንኤ በአራት ኬሚካላዊ ፊደላት ብቻ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ነው ማለት ይቻላል። ከአንድ ወላጅ የምንወርሰው ጽሑፍ ብቻውን ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደላት አሉት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሰውነታችን ፕሮቲን የሚሠራባቸው 20 ሺህ ያህል ዘረመሎች ይገኛሉ። ሕዋሱ ጽሑፉን ሦስት ሦስት ፊደል እየቆጠረ ያነባል፤ እያንዳንዱ ባለ ሦስት ፊደል ቃልም ‹‹ይህን አሚኖ አሲድ ጨምር›› ወይም ‹‹እዚህ ላይ አቁም›› የሚል ትእዛዝ ነው። አሚኖ አሲዶቹ ተራ በተራ ተያይዘው ፕሮቲን ይሆናሉ።

የአንድ ፊደል መለወጥ ምን ያህል የተለያየ ውጤት እንዳለው ለመረዳት የራሳችንን ፊደል እንውሰድ። ‹‹ፀሐይ›› የሚለውን ቃል አንዱ ‹‹ጸሐይ››፣ ሌላው ‹‹ፀሀይ›› ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ፊደሉ ተለውጧል፤ ንባቡም ትርጉሙም ግን ያው ነው። በዘረመል ውስጥም የተለያዩ ባለ ሦስት ፊደል ቃላት ለአንድ ዓይነት አሚኖ አሲድ ስለሚያዝዙ፣ ፊደል ተለውጦ ፕሮቲኑ ምንም ሳይሆን የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ደግሞ ‹‹ሐኪሙ ልጁን አዳነው›› የሚለውን እንመልከት። ‹‹ዳ›› የምትለዋ ፊደል ‹‹ደ›› ብትሆን ‹‹ሐኪሙ ልጁን አደነው›› ይሆናል። የተለወጠችው አንዲት ፊደል ናት፤ መልእክቱ ግን ተገልብጧል። በዘረመልም አንዲት ፊደል ተለውጣ አንዱን አሚኖ አሲድ በሌላ ስትተካው ፕሮቲኑ ሥራውን ሊያቆም ወይም ያልተለመደ ሥራ ሊሠራ ይችላል። ‹‹ሐኪሙ ልጁን›› ካለ በኋላ አራት ነጥብ ቢገባበት ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ይቆረጣል። የማቆሚያ ትእዛዝ ያለቦታው ሲገባ ፕሮቲኑም እንዲሁ ተቆርጦ ይቀራል።

የፊደል መጥፋት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ሊሆን ይችላል። ‹‹ከበደ ሥጋና ወተት አመጣ›› የሚለውን ሦስት ሦስት ፊደል እየቆጠርን የምናነብ ከሆነና ‹‹በ›› ብትጠፋ፣ ንባቡ ‹‹ከደሥ ጋናወ ተትአ መጣ›› ይሆናል። አንዲት ፊደል ጠፍታ ከእሷ በኋላ ያለው ሁሉ ተበላሸ ማለት ነው።

እንዲህ ዓይነት ልዩነቶች በእያንዳንዳችን ዘረመል ውስጥ ሞልተዋል። አንድ ሰው ለማነጻጸሪያነት ከሚያገለግለው የሰው ዘረመል ጽሑፍ ጋር ሲተያይ ከአራት እስከ አምስት ሚሊዮን በሚደርሱ ቦታዎች ይለያል። ከእነዚህም አብዛኞቹ በጤናችን ላይ የሚያመጡት የታወቀ ጉዳት የለም። ስለዚህ ‹‹ለውጥ አለ ወይ?›› ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም፤ ሁላችንም ጋ አለና። የሚያስፈልገው ‹‹ይህ ለውጥ ምን ያመጣል?›› የሚለው ጥያቄ መልስ ነው።

አንድ ቦታ፣ ሁለት ውጤት

ይህን ጥያቄ መመለስ ለምን እንደሚከብድ ከሲክል ሴል በሽታ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። አሜሪካዊው ሊነስ ፖሊንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1949 በሽታው የሚመጣው በደም ውስጥ ኦክስጅን በሚያመላልሰው ሄሞግሎቢን በተባለው ፕሮቲን መለወጥ መሆኑን አሳዩ። በ1957 ደግሞ ቬርነን ኢንግራም የተባለ ተመራማሪ ለውጡ የአንድ አሚኖ አሲድ ብቻ መሆኑን ደረሰበት። በፕሮቲኑ ስድስተኛ ቦታ ላይ ግሉታሚክ አሲድ መሆን ሲገባው ቫሊን ገብቷል። በዘረመሉ ውስጥ የተለወጠችው አንዲት ፊደል ናት። በዚህች ፊደል ምክንያት ክቡ ቀይ የደም ሕዋስ እንደ ማጭድ ይታጠፋል፤ የደም ሥር ይዘጋል፤ ሕመምተኛውም በከባድ ሕመምና በደም ማነስ ይሠቃያል።

በዚያችው ባለ ሦስት ፊደል ቃል ውስጥ ሌላኛዋ ፊደል ስትለወጥ ደግሞ በዚያው በስድስተኛው ቦታ ላይ ላይሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ይገባል። ይህ በምዕራብ አፍሪካ በብዛት የሚታየውና ሄሞግሎቢን ሲ የሚባለው ነው። ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰው ሰው እንኳን አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው ቀለል ያለ የደም ማነስ ነው። ቦታው አንድ፣ የተለወጠችውም ፊደል አንዲት ሆና ሳለ፣ አንዱ ለውጥ ለሕይወት የሚያሰጋ በሽታ ሲያመጣ ሌላው ቀለል ያለ ነገር ብቻ ያመጣል።

በዚህም አያበቃም። የሲክል ሴልን ለውጥ ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰ ሰው ይታመማል፤ ከአንዱ ብቻ የወረሰ ግን በአብዛኛው ጤነኛ ከመሆኑም በላይ ከከባድ የወባ ሕመም የተሻለ መከላከያ ያገኛል። ስለሆነም አንድን ለውጥ በደፈናው ‹‹ጥሩ›› ወይም ‹‹መጥፎ›› ማለት አይቻልም። ስንት ቅጂ እንደተወረሰ፣ ሰውዬው የት እንደሚኖርና ምን እንደሚያጋጥመው አብሮ መታየት አለበት።

ባለሙያዎች ውጤቱን በምን ይገምታሉ?

የአንድን ለውጥ ውጤት ለመገመት ባለሙያዎች በአንድ ማስረጃ ብቻ አይመኩም። የተለያዩ ማስረጃዎችን ሰብስበው እንደ ዳኛ ያመዛዝናሉ።

የመጀመሪያው ማስረጃ ቤተሰብ ነው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የታመሙት ሁሉ ለውጡ ካለባቸውና ጤነኞቹ ከሌለባቸው ለውጡ ከበሽታው ጋር መያያዙን ይጠቁማል። በሽታው የሌለባቸው ብዙ አረጋውያን ዘመዶች ለውጡን ይዘው ከተገኙ ግን ጥርጣሬው ይቀንሳል።

ሁለተኛው በሕዝብ መካከል ያለው ስርጭት ነው። ከአሥር ሺህ ሰው አንዱን ብቻ የሚያጠቃ ብርቱ በሽታ ከመቶ ሰው በአምስቱ ላይ ከሚገኝ ለውጥ ሊመጣ አይችልም። ቢመጣ ኖሮ ሕመምተኛው ይህን ያህል ጥቂት ባልሆነ ነበር። ስለዚህ ለውጡ በጤነኞች መካከል በብዛት መገኘቱ ከጥርጣሬ ነፃ የሚያወጣው ትልቅ ማስረጃ ነው።

ሦስተኛው የሌሎች እንስሳት ዘረመል ነው። አንድ ፊደል በሰውም፣ በአይጥም፣ በዶሮም፣ በዓሣም ዘንድ ለሚሊዮኖች ዓመታት ሳይለወጥ ከቆየ ቦታው ለሕይወት አስፈላጊ ነው ማለት ነው። በየእንስሳው የተለያየ ከሆነ ግን ቦታው ለውጥ ይችላል ማለት ነው።

አራተኛው የቤተ ሙከራ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ሲያትል የሚገኙ ተመራማሪዎች ብራካ አንድ በተባለው ዘረመል ወሳኝ ክፍሎች ላይ ወደ አራት ሺህ የሚጠጉ ባለ አንድ ፊደል ለውጦችን በቤተ ሙከራ ሕዋሳት ላይ አንድ በአንድ ፈጥረው የትኞቹ ዘረመሉን ሥራ እንደሚያስቆሙ አሳይተዋል። ይህ ዘረመል በውርስ ከሚመጣ የጡት ካንሰር ጋር ስሙ የሚነሳ ነው። በመሆኑም ጥናቱ በሕመምተኛ ላይ ታይተው የማያውቁ ለውጦችን ጭምር አስቀድሞ ለመለየት ረድቷል።

አምስተኛው ኮምፒውተር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ዲፕማይንድ የተባለው የጎግል ተቋም አልፋሚሴንስ የተሰኘ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይፋ አድርጓል። ይህ ሥርዓት በሰው ፕሮቲኖች ላይ አንድን አሚኖ አሲድ በሌላ ሊተኩ የሚችሉ 71 ሚሊዮን ለውጦችን መርምሮ 57 በመቶዎቹን ጉዳት አልባ፣ 32 በመቶዎቹን ደግሞ ጎጂ ሳይሆኑ አይቀሩም ብሏል፤ ስለቀሪዎቹ እርግጠኛ አልሆነም። ከእነዚህ ሁሉ ለውጦች በሰው ባለሙያዎች ተመርምረው ውጤታቸው የታወቀው ከአንድ ሺህ አንዱ ያህል ብቻ መሆኑን ስናስብ የኮምፒውተሩ እገዛ ቀላል አይደለም። ቢሆንም የኮምፒውተር ግምት ብቻውን ሕመምተኛን ለማከም በቂ ማስረጃ ተደርጎ አይወሰድም፤ ከሌሎቹ ጋር የሚደመር አንድ ምስክር ነው።

በውጤት ወረቀቱ ላይ የሚጻፉት አምስት መደቦች

እነዚህ ማስረጃዎች ተመዝነው ለውጡ ከአምስት መደቦች በአንዱ ይመደባል። አመዳደቡ እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ የሙያ ማኅበራት የወጣና በብዙ አገሮች የሚሠራበት ነው። መደቦቹም በሽታ አምጪ፣ በሽታ አምጪ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ የሆነ፣ ትርጉሙ ገና ያልተረጋገጠ፣ ጉዳት አልባ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ የሆነ እና ጉዳት አልባ ይባላሉ። ‹‹ዕድሉ ከፍተኛ ነው›› የሚባለው ባለሙያዎቹ ከ90 በመቶ በላይ እርግጠኛ ሲሆኑ ነው።

ብዙ ጭንቀት የሚያመጣው መካከለኛው፣ ማለትም ‹‹ትርጉሙ ገና ያልተረጋገጠ›› የሚለው መደብ ነው። ይህ ውጤት የደረሳት እናት ‹‹ካንሰር አለብኝ ማለት ነው?›› ብላ ልትሰጋ ትችላለች። መልሱ አይደለም ነው። ‹‹አታላይ ውጤት ነው፣ ሐኪሞቹ ደብቀውኛል›› ማለትም ትክክል አይደለም። ለመፍረድ የሚበቃ ማስረጃ እስካሁን አልተገኘም ማለት ብቻ ነው። ማስረጃ ተሟልቶ እንደገና ከሚመደቡት ከእነዚህ ለውጦች መካከልም አብዛኞቹ ጉዳት አልባ ወደሚሉት መደቦች የሚወርዱ ናቸው።

ልዩነቱን በጡት ካንሰር እንየው። በብራካ አንድ ወይም ብራካ ሁለት ዘረመል ላይ በእርግጥ በሽታ አምጪ የሆነ ለውጥ ካላቸው መቶ ሴቶች 70 ያህሉ እስከ 80 ዓመት ዕድሜያቸው ድረስ በጡት ካንሰር ሊያዙ እንደሚችሉ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ትልቅ ጥናት ያሳያል። ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት የቅርብ ክትትል፣ አንዳንዴም በቀዶ ሕክምና ጡትን ወይም የእንቁላል ማምረቻን አስቀድሞ ማስወገድ ሕይወት አድን ውሳኔ ሊሆን ይችላል። ትርጉሙ ያልተረጋገጠ ለውጥ ብቻ ያላት ሴት ግን በዚያ ምክንያት ብቻ እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና ውስጥ መግባት የለባትም። ለእሷ ክትትሉ የሚወሰነው በቤተሰቧ የጤና ታሪክና በራሷ ሁኔታ ነው። አንዴ የተወገደ የሰውነት ክፍል ከዓመታት በኋላ ‹‹ለውጡ ጉዳት አልባ ነበር›› ቢባል አይመለስም።

ማነጻጸሪያው ሲጎድል

ከላይ እንዳየነው፣ አንድ ለውጥ በጤነኞች መካከል በብዛት መገኘቱ ትልቅ ማስረጃ ነው። ይህ ማስረጃ የሚሠራው ግን ጤነኞቹ በጥናቱ ውስጥ ከተካተቱ ነው። በዓለም ላይ የዘረመልና የበሽታ ግንኙነት ጥናቶች ተሳታፊዎች አብዛኞቹ ዘራቸው ከአውሮፓ የሚመዘዝ ሰዎች ሲሆኑ፣ የአፍሪካውያን ድርሻ እጅግ አነስተኛ ነው። በአንጻሩ ከየትኛውም አህጉር ሕዝብ ይልቅ ሰፊው የዘረመል ልዩነት የሚገኘው በአፍሪካውያን መካከል ነው።

ይህ ጉድለት የሚያስከትለውን እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የታተመ ጥናት በግልጽ አሳይቷል። ጥናቱ የተመለከተው የልብ ጡንቻ መወፈር የሚያመጣውን፣ በወጣቶችና በስፖርተኞች ላይ ድንገተኛ ሞት የሚያስከትለውን በዘር የሚተላለፍ በሽታ ነበር። ቀደም ሲል ‹‹በሽታ አምጪ›› ተብለው የተመዘገቡ አንዳንድ ለውጦች በጥቁር አሜሪካውያን መካከል በብዛት የሚገኙ፣ ጉዳት አልባ ለውጦች ሆነው ተገኙ። ይህ እስኪታወቅ ግን ምርመራ ያደረጉ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ‹‹የበሽታችሁ መንስኤ ይህ ነው›› ተብለው ነበር። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ጤነኛ ጥቁሮች እንኳን በማነጻጸሪያነት ቢካተቱ ስህተቱ አስቀድሞ ሊታወቅ ይችል እንደነበር ተመራማሪዎቹ አስረድተዋል።

የዚህ ስህተት ጉዳት በአንድ ሰው ላይ አይቆምም። በሽታ አምጪ ነው በተባለው ለውጥ ምክንያት የሕመምተኛው ወንድምና እህት ይመረመራሉ። ለውጡ የተገኘበት ወንድም ጤነኛ ሆኖ ሳለ ዕድሜ ልኩን እንደ ልብ ሕመምተኛ ሊቆጠር፣ ስፖርት ሊከለከል ይችላል። ያልተገኘባት እህት ደግሞ ‹‹ነፃ ነሽ›› ተብላ ክትትሏን ልታቋርጥ ትችላለች፤ እውነተኛው የበሽታ መንስኤ ግን እሷም ጋ ሊኖር ይችላል።

ጉድለቱን ለማጥበብ የተጀመሩ ሥራዎች አሉ። ከሥራዎቹ አንዱ በሆነው በአፍሪካ የሰው ዘርና ጤና ጥናት ፕሮጀክት አማካይነት ከ50 የአፍሪካ ብሔረሰቦች የተውጣጡ የ426 ሰዎች ዘረመል ተነብቦ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ሆኗል። በእነዚህ ጥቂት መቶ ሰዎች ብቻ ከዚያ በፊት ተመዝግበው የማያውቁ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ለውጦች ተገኝተዋል። ይህም ስለ እኛ የሚታወቀው ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ያመለክታል።

የኮዴይን ትምህርት

የኢትዮጵያውያን ዘረመል ተጠንቶ ለሕዝብ ጤና ውሳኔ የዋለበት ግልጽ ምሳሌም አለ። ኮዴይን ለሕመም ማስታገሻና ለሳል የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ራሱ ብዙ የማስታገስ አቅም የለውም፤ ጉበት ውስጥ ያለ ሲዋይፒቱዲሲክስ የተባለ ኢንዛይም ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው የሚሠራው። የኢንዛይሙ ዘረመል በአብዛኛው ሰው ላይ ከእናት አንድ ከአባት አንድ ይወረሳል። አንዳንድ ሰዎች ግን ዘረመሉ ተባዝቶ ሦስትና ከዚያ በላይ ቅጂ ይኖራቸዋል። እነዚህ ሰዎች ኮዴይንን በፍጥነትና በብዛት ወደ ሞርፊን ይለውጡታል። የተለመደው መጠንም ለእነሱ ከመጠን ያለፈ ይሆንባቸዋል።

ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት ከተመረመሩት 122 ኢትዮጵያውያን መካከል 29 በመቶዎቹ የዚህ ዘረመል ተጨማሪ ቅጂ እንዳላቸው አሳይተዋል። በስዊድናውያን ላይ ይህ ቁጥር ከአንድ እስከ ሁለት በመቶ ነው። በአውሮፓ መቶ ሰው ወስዶት አንዱን ወይም ሁለቱን የሚያሰጋ መድኃኒት፣ በእኛ አገር ሩብ ያህሉን ሊያሰጋ ይችላል ማለት ነው። በዚህም ምክንያት የኢትዮጵያ የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ኮዴይን በአገሪቱ ጥቅም ላይ እንዳይውል አግዷል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2017 ኮዴይንና ትራማዶል ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት እንዳይሰጡ ወስኗል፤ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዷቸው መክሯል። ትራማዶልም በዚሁ ኢንዛይም የሚለወጥ ነው።

ለውጡ ያለበት ሰው ሕመምተኛ አይደለም። ዕድሜ ልኩን ጤነኛ ሆኖ ሊኖር ይችላል፤ ጉዳቱ የሚገለጠው መድኃኒቱ ሲመጣ ብቻ ነው። ‹‹አለ›› የሚለው ቃል ‹‹ተናገረ›› ወይም ‹‹ይገኛል›› ማለት መሆኑ የሚታወቀው ከዙሪያው ካሉት ቃላት እንደሆነ ሁሉ፣ የብዙ ለውጦች ትርጉምም የሚታወቀው ከአካባቢያቸው ነው።

ዝቅ ያለ ቁጥር ሁሉ በሽታ አይደለም

ሌላው ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ዳፊ የተባለው ፕሮቲን ነው። በዘረመሉ ማብሪያና ማጥፊያ ላይ አንዲት ፊደል የተለወጠችባቸው ሰዎች ይህ ፕሮቲን በቀይ የደም ሕዋሳቸው ላይ አይገኝም። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ወደ ቀይ የደም ሕዋስ የሚገባው በዋነኛነት በዚህ ፕሮቲን በኩል በመሆኑ፣ ፕሮቲኑ የሌላቸው ሰዎች ጭራሽ በቫይቫክስ አይያዙም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። በኢትዮጵያ ፕሮቲኑ ያላቸውና የሌላቸው ሰዎች አብረው ይኖራሉ። እዚሁ የተደረጉ ጥናቶች ታዲያ ፕሮቲኑ በሌላቸው ሰዎች ላይም ቫይቫክስ ሊገኝ እንደሚችል አሳይተዋል። ስለሆነም የተረጋገጠ የመሰለ ግምት እንኳን በሌላ ቦታ እንደገና መፈተሽ ይኖርበታል።

ይኸው ለውጥ ሌላም ገጽታ አለው። ለውጡን ከሁለቱም ወላጆቻቸው የወረሱ ሰዎች በደም ምርመራ ኒውትሮፊል የተባለው የነጭ የደም ሕዋስ ቁጥራቸው ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ነገር ግን ለኢንፌክሽን ይበልጥ የተጋለጡ አይደሉም። ብዙ ላቦራቶሪዎች በማይክሮ ሊትር ደም ከ1 ሺህ 500 በታች የሆነውን ‹‹ዝቅተኛ›› ይሉታል። ይህ ወሰን የተቀመጠው በአብዛኛው በአውሮፓውያን ልኬት ነው። በእስራኤል በሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ላይም ይህ ጉዳት የሌለው የቁጥር ማነስ በጥናት ታይቷል። ይህን የማያውቅ ሐኪም ጤነኛውን ሰው ለተደጋጋሚ ምርመራ ሊዳርገው፣ የካንሰር ሕመምተኛውንም መድኃኒት ሊቀንስበት ወይም ሊያዘገይበት ይችላል። እርግጥ የነጭ የደም ሕዋስ ማነስ ሌላ ከባድ ምክንያትም ሊኖረው ስለሚችል ‹‹የዘር ነው›› ብሎ መተው ተገቢ አይደለም። ትኩሳት ወይም ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው መታየት አለበት።

አንባቢ ምን ያድርግ?

የቤተሰብዎን የጤና ታሪክ ይወቁ። ወላጆችዎ፣ አያቶችዎ፣ አጎትና አክስቶችዎ ምን ሕመም እንደነበራቸው፣ በስንት ዓመታቸው እንደጀመራቸው ጠይቀው ይጻፉ። ይህ ምንም ወጪ የማይጠይቅ፣ ለሐኪምም ከብዙ ምርመራ በላይ የሚጠቅም መረጃ ነው። በተለይ በአንድ ወገን በርከት ያሉ ዘመዶች በጡት ወይም በአንጀት ካንሰር ከተያዙ፣ ወይም በወጣትነት ድንገት የሞተ የቅርብ ዘመድ ካለ ለሐኪምዎ ከመናገር አይቦዝኑ።

የዘረመል ምርመራ ካደረጉ ውጤቱ ከአምስቱ መደቦች በየትኛው እንደሚገኝ ይጠይቁ። ትርጉሙ ያልተረጋገጠ ከተባለ በእሱ ብቻ ተነስተው ቀዶ ሕክምናን የመሰለ የማይመለስ ውሳኔ አይወስኑ። ወረቀቱን በጥንቃቄ አስቀምጠው ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ምደባው ተለውጦ እንደሆነ ያጣሩ። ‹‹ለውጥ አልተገኘም›› መባልም ፍጹም ዋስትና አይደለም፤ በቤተሰብዎ ሕመሙ ካለ የተለመደ ክትትልዎን አያቋርጡ። የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት ከሚታዩት ካንሰሮች ቀዳሚው ሲሆን፣ ብዙዎቹ የሚያዙት ያለ ምንም የታወቀ የዘር ለውጥ ነው። ስለዚህ በጡት ላይ እብጠት ወይም ያልተለመደ ነገር ያየች ሴት የዘረመል ምርመራ ኖረም አልኖረም ፈጥና ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርባታል።

ከውጭ አገር ዘመድ የላከውን የሳል ሽሮፕ ወይም የሕመም ማስታገሻ ይዘቱን ሳያረጋግጡ፣ በተለይ ለሕፃናት፣ አይስጡ። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖችም ሐኪም ኮዴይን ወይም ትራማዶል ሲያዝላቸው በኢትዮጵያውያን ላይ ስለተገኘው ውጤት ቢነግሩት መልካም ነው። መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ለማንቃት የሚያስቸግር እንቅልፍ፣ የዘገየ ወይም የደከመ ትንፋሽ፣ ግራ መጋባት ከታየበት፣ እንዲሁም የምታጠባ እናት ወስዳው ሕፃኑ ከወትሮው በላይ ካንቀላፋና መጥባት ካቃተው ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። አንድ መድኃኒት ከዚህ በፊት ያልተለመደ ጠንቅ አስከትሎብዎት ከነበረም ስሙን ጽፈው ይያዙና በሚታከሙበት ሁሉ ያሳውቁ።

በመጨረሻም፣ በሥነ ምግባር ኮሚቴ የጸደቀ የዘረመል ጥናት ላይ እንዲሳተፉ ሲጠየቁ ዓላማውን፣ ናሙናዎ የት እንደሚሄድና ምስጢርዎ እንዴት እንደሚጠበቅ በሚገባ ጠይቀው ይወስኑ። የ122 ፈቃደኛ ኢትዮጵያውያን ደም ባይመረመር ኖሮ ስለ ኮዴይን ዛሬ የምናውቀውን ባላወቅን ነበር። የሌላው ሕዝብ ልኬት ለእኛ በትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ የማይሆንበትም ጊዜ አለ። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው እኛም ስንለካ ነው።